ማኅበር ከተመሠረተ በኋላ፦ የሰዓት ሠሪዎች ታሪክ ለእኛ ለነጋዴዎች ምን ይላል?

ማኅበር በምናቋቁምበት ቀን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የማይል ሰው የለም። በሦስተኛው ዓመት ግን ድሩን ማን እየፈተለ እንደሆነ የሚጠይቅ አይገኝም። ሞያሌ ሂዱ፣ መተማ ሂዱ፣ ጋላፊ ወይም ቶጎ ጫሌ ሂዱ፣ ናይሮቢ ኢስሊ ድረስ ዝለቁ፤ የምትሰሙት አንድ ዓይነት ነው። ቀረጥ ይጨምራል፣ መንገድ ይዘጋል ወይም ዕቃ ይታገዳል። ነጋዴው በአንድ ሳምንት ተሰባስቦ ማኅበር ይመሠርታል፣ ማኅተም ያስቀርጻል፣ ኮሚቴ ይመርጣል። ችግሩ ሲያልፍ ስብሰባው ከአዳራሽ ወደ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ይወርዳል። በመጨረሻ ማኅበሩ በሊቀ መንበሩ ቦርሳ ውስጥ የሚዞር ማኅተም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቀጣዩ ችግር ሲመጣ ደግሞ ባለሥልጣኑ «ወኪላችሁ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛም እርስ በርሳችን እንተያያለን።

አባል እንዳይርቅ፣ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ሰውም እንዳይጠፋ ምን ይደረጋል? ጥያቄው የቆየ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ሲፈተኑበት ከኖሩት መካከል ሰዓት ሠሪዎች አሉ። ታሪካቸውን የመረጥኩት ኑሯቸው ከእኛ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ሰዓት ሠሪ በትንሽ ሱቅ ወይም በመኖሪያ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጦ ለብቻው የሚሠራ የራሱ አለቃ ነው። ጎረቤቱ የሙያ ጓደኛውም ተፎካካሪውም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በማኅበር ማቆየት በአንድ ፋብሪካ ጣሪያ ሥር የሚውለውን ሠራተኛ ከማደራጀት የተለየ ነገር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻርተሩና ቅጣቱ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለንደን ሰዓት ሠሪዎች የራሳቸው ማኅበር አልነበራቸውም። ብዙዎቹ የተመዘገቡት በሌሎች የሙያ ማኅበራት፣ በተለይም በብረት ቀጥቃጮች ማኅበር ውስጥ ነበር። ያሰባሰባቸው የጋራ ፍቅር አልነበረም፤ ሥጋት ነው። ከፈረንሳይና ከሌሎች አገሮች የመጡ ባለሙያዎች ገበያችንን እየወሰዱ ነው ብለው በ1622 ለንጉሡ አቤት አሉ። ብረት ቀጥቃጮቹ አባልና መዋጮ እንዳይጎድልባቸው ተቃወሙ። ከብዙ ደጅ ጥናትና ገንዘብ መዋጮ በኋላ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ነሐሴ 22 ቀን 1631 ቻርተር ሰጣቸው። ማኅበሩ በለንደን ከተማና በዙሪያዋ አሥር ማይል ድረስ ሙያውን እንዲቆጣጠር፣ ሱቅ እንዲፈትሽ፣ አጉል ሥራ ካገኘም እንዲወርስና እንዲያጠፋ ሥልጣን ተሰጠው።

የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ዴቪድ ራምሴይ ነበር፤ ማዕረጉ በእነሱ አጠራር «ማስተር» ይባላል። ራምሴይ የለንደን ተወላጅ ሳይሆን ስኮትላንዳዊ ነው። በ«መጤ» ላይ ተነሥቶ የተመሠረተ ማኅበር በመጤ መመራቱ የሚያስፈግግ ቢሆንም አልጎዳቸውም፤ በኋላ እንደምናየው ያቆማቸው የበር መከፈት ነው።

አሠራራቸው ለእድርተኛ አዲስ አይደለም። አባል በየሩብ ዓመቱ መዋጮ ይከፍላል። አንድ ልጅ ሰባት ዓመት በተለማማጅነት ያገለግላል፤ ከዚያ ሙሉ አባል ይሆናል። በጊዜ ብዛት ወደ አማካሪዎች ጉባኤ ይገባል፣ ከረዳት ሊቀ መንበሮቹ አንዱ ይሆናል፣ በመጨረሻም ለአንድ ዓመት ማስተር ይሆናል። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ተራው ደርሶ አልቀበልም ያለ ግን ይቀጣል። የራሳቸው አዳራሽ ኖሯቸው አያውቅም፤ ስብሰባቸውን በመሸታ ቤቶች እያዞሩ ያካሂዱ ነበር። ማኅበር ሕንጻ ከሌለው አይቆምም የሚሉ ወገኖች ይህን ልብ ይበሉ።

የዚህ አሠራር ጥሩ ጎኑ መሰላሉ ነው። ማንም ሰው በአንድ ጊዜ ከታች ተነሥቶ ሊቀ መንበር አይሆንም፤ ማንም ሰው ደግሞ ሊቀ መንበር ሆኖ ዕድሜውን አይጨርስም። ዛሬ ረዳት የሆነው ሰው ከዓመታት በኋላ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ሥራውንም ከፊቱ ያለውን እያየ ይማራል። ማስተር የነበረውም ከወረደ በኋላ በጉባኤው ይቆያል እንጂ አኩርፎ ቤቱ አይቀርም።

በሩ ለውጭ ሰው ሲከፈት ያገኙትንም እንይ። ቶማስ ቶምፒየን ከቤድፎርድሺር ገጠር የመጣ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ለንደን ውስጥ ባይለማመድም በ1671 በአባልነት ተቀበሉት። በ1703 ማስተር ሆነ፤ ዛሬ የእንግሊዝ ሰዓት ሥራ አባት ተብሎ ይጠራል። ሲሞት የተቀበረው በዌስትሚንስተር አቢይ ነው። የእሱ ወራሽ ጆርጅ ግራሃምም በ1722 ማስተር ሆኖ አገልግሏል። በናንት ከተማ የወጣው የሃይማኖት ነፃነት አዋጅ ሲሻር ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶችና ልጆቻቸውም በለንደን የሰዓት ሙያ ውስጥ ትልቅ ስፍራ ያዙ። ከመካከላቸው ማኅበሩን የመሩ አሉ። የመጀመሪያዎቹ አቤት ባዮች ፍላጎት ቢፈጸም ኖሮ ማኅበሩ የገዛ ጀግኖቹን ባጣ ነበር።

ቅጣት የማይደርስበት ቦታ

መጥፎ ጎኑ ቀስ ብሎ ታየ። ቅጣት የሚሠራው በመዝገብ ላይ ባለው ሰው ላይ ነው። በለንደን ልማድ የአንድ ሙያ ማኅበር አባል የሆነ ሰው ሌላ ሙያ መሥራት ይችል ስለነበር፣ ብዙ ሰዓት ሠሪዎች በሌሎች ማኅበራት እየተመዘገቡ ከሰዓት ሠሪዎቹ ቁጥጥር ውጭ ይሠሩ ነበር። ወጣቱ «መዋጮ ከፍዬ ምን አገኛለሁ?» ሲል ጠየቀ። ማኅበሩም ገና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከራሱ አባላት በአስተዳደሩና በገንዘብ አያያዙ ላይ ቅሬታ ይቀርብበት ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሱቅ ፍተሻው ቀረ። መከታተል ያልተቻለ ሕግ በወረቀት ላይ ተቀመጠ።

ለዚህ ትልቁ ምስክር ጆን ሃሪሰን ነው። መርከበኞች በባሕር ላይ ያሉበትን ኬንትሮስ የሚያውቁበትን ሰዓት ሠርቶ ዓለምን የለወጠው ይህ አናጺ የማኅበሩ አባል አልነበረም። መጀመሪያ ለንደን ሲመጣ የረዳው ግን የማኅበሩ ማስተር የነበረው ግራሃም ነው፤ ሥራውን አይቶ ያለ ወለድ ገንዘብ አበደረው። ሃሪሰን በ1776 ሞተ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1879፣ በሃምፕስቴድ ያለውን መቃብሩን ያሳደሰው ማኅበሩ ነው። መዝገብና ቅጣት ያላመጡትን ሰው የአንድ ባለሙያ መልካምነት ወደ ቤተሰቡ አስገባው ማለት ይቻላል። ዛሬ የእኛ ማኅበር አባል ያልሆነውን ወጣት ነጋዴ እንደ ጠላት ስናየው ይህን እናስብ።

ግብር ሲመጣ

በ1797 የዊልያም ፒት መንግሥት ለጦርነት ወጪ ገንዘብ ሲፈልግ በሰዓት ላይ ዓመታዊ ግብር ጣለ። በግድግዳና በጠረጴዛ ሰዓት ላይ 5 ሺሊንግ፣ በወርቅ የኪስ ሰዓት ላይ 10 ሺሊንግ፣ በብርና በሌላው ላይ 2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። ግብሩ የተጣለው በሻጩ ላይ ሳይሆን በሰዓቱ ባለቤት ላይ ነው፤ የተጎዳው ግን ሠሪው ነው። ሰው ሰዓት መግዛት አቆመ፤ ያለውም ሸሸገ። በለንደኑ ክለርከንዌል ሰፈርና በኮቨንትሪ ሠራተኛ ሥራ ፈታ።

ያን ጊዜ ደክሞ የነበረው ማኅበር ነቃ። ቻርተሩ፣ ስሙና ማኅተሙ ስለነበሩ ፓርላማ ፊት ቆሞ «እኛ ሙያውን እንወክላለን» ማለት ቻለ። ከሌሎች ከተሞች ሰዓት ሠሪዎች ጋር ሆኖ ጉዳቱን አስረዳ። ግብሩ ዓመት ሳይሞላው በ1798 ተሻረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታሪኩን ያቆመዋል፦ «አያችሁ፣ ስንተባበር እናሸንፋለን!» ትልቁ ትምህርት ግን ከድሉ በፊት ያለው ነው። ማኅበሩ በ1797 መጮህ የቻለው ከዚያ በፊት ባሉት 166 ዓመታት፣ በቀዝቃዛዎቹም ዓመታት፣ ጥቂት ሰዎች መዝገቡን ስለያዙ፣ መዋጮውን ስለሰበሰቡ፣ በየመሸታ ቤቱ ሰልችቷቸውም ቢሆን ስለተሰበሰቡ ነው። ቀረጥ ከተጨመረ በኋላ የሚመሠረት ማኅበር መጀመሪያ ራሱን በማስተዋወቅ ጊዜውን ይጨርሳል።

ከድሉ በኋላ ምን ሠሩ? በ1813 ቤተ መጻሕፍት ጀመሩ። ከሚታወቁት አነሳሾች አንዱ በኋላ አምስት ጊዜ ማስተር የሆነው ቤንጃሚን ሉዊስ ቩልያሚ ነው። መጽሐፍ መሰብሰብ፣ ከዚያም የቆዩ ሰዓቶችን ማሰባሰብ ትንሽ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ጠላት በሌለበት ዓመትም የሚሠራ ሥራ ነው፤ አንዱ መጽሐፍ ያመጣል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ አንዱ ያጸዳል። ስብስቡ በ1870ዎቹ በከተማው ጊልድሆል ለሕዝብ ተከፈተ፤ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ፍተሻውና ቅጣቱ ሲሞቱ ማኅበሩን ያቆየው ይህና ለተቸገሩ አባላትና ለመበለቶች የሚሰጠው ድጋፍ ነው።

ማስገደድ ያልቻለው ማኅበር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የክለርከንዌል ሰዓት ሠሪዎች ሌላ መንገድ ሞከሩ። በዚያ ሰፈር አንድ ሰዓት በብዙ እጅ ያልፍ ነበር፤ አንዱ ምንጭ ይሠራል፣ አንዱ ጥርስ ይቆርጣል፣ አንዱ ገጹን ይቀባል፣ አንዱ ቤቱን ይሠራል። ሁሉም ስለየራሱ ክፍል እንጂ ስለሙሉው ሰዓት አያውቅም። የስዊስ ሰዓት ደግሞ በርካሽ ገበያውን እያጥለቀለቀው ነበር። በ1858 የብሪታንያ የሰዓት ሙያ ተቋምን መሠረቱ። ይህኛው ቻርተር የለውም፣ መቅጣትም አይችልም። ሰው የሚመጣው ከፈለገ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰው እንዲፈልግ ማድረግ ነበረባቸው። በዚያው ዓመት «ሆሮሎጂካል ጆርናል» የተባለ መጽሔት ጀመሩ፤ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ይታተማል። ንግግር፣ የማታ ትምህርት፣ ቤተ መጻሕፍትና የሙያ ፈተና ተከተሉ። ለዘመናት በየቤቱ የሚደበቅ የነበረው የሙያ ምሥጢር በስብሰባ ላይ ተነገረ፣ በመጽሔት ታተመ። ለተፎካካሪው ምሥጢሩን የሚነግር ሰው ይኖራል? ኖረ፤ ምክንያቱም ዛሬ የሚናገር ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አምስት ሌሎች ሰዎችን ይሰማል። ለረጅም ዓመታት ጸሐፊ የነበረው ፍሬድሪክ ጄምስ ብሪተን ያዘጋጀው የሰዓት ሠሪዎች መመሪያ መጽሐፍ በየእትሙ እየወፈረ የሄደው ከዚህ ዓይነት ልውውጥ መካከል ነው።

ከዚህ ተቋም የምወደው አንድ ታሪክ አለ። የዌስትሚንስተሩን ታላቅ ሰዓት፣ ብዙዎቻችን «ቢግ ቤን» የምንለውን፣ የነደፈው ኤድመንድ ቤኬት ዴኒሰን በ1868 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ሰውየው አዋቂ ቢሆንም በጠበኝነቱ የታወቀ ነው። ሹመቱን የተቀበለው እራት ግብዣ ላይ አልገኝም በሚል ቅድመ ሁኔታ ነበር። ተስማሙ። አንዳንዴ ተቃውሞ ቢገጥመውም በየዓመቱ እየመረጡት እስከ ሞተበት እስከ 1905 ቆየ። ከእሱ የፈለጉት እውቀቱንና ስሙን ነበር፤ ያን ሰጠ። ግብዣውን ደግሞ ግብዣ የሚወዱት አዘጋጁ። እኛ ጋ ግን ጎበዝ ጸሐፊ ስናገኝ ገንዘብ ያዥም፣ አስታራቂም፣ ሽኝት አዘጋጅም እናደርገዋለን፤ ሲሸሽ ደግሞ «አባል ጠፋ» እንላለን።

የጁራ ተራሮችና የአሜሪካ ሁለት ማኅበራት

በዚያው ዘመን በስዊዘርላንድ ጁራ ተራሮች ያሉ ሰዓት ሠሪዎች በሌላ መልክ ተደራጅተው ነበር። በየመንደሩ የመረዳጃ ሣጥን ነበራቸው፤ እየሠሩ ይወያያሉ፣ ማንም የበላይ ሳይሆን ይወስናሉ። በ1872 የጎበኛቸው ሩሲያዊው መስፍን ክሮፖትኪን በነፃ አስተሳሰባቸው በጣም ተደንቆ፣ የራሱ አመለካከት በእነሱ መካከል እንደጸና በማስታወሻው ጽፏል። የእነሱ ፌዴሬሽን ግን አሥር ዓመት አልዘለቀም። በ1870ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የአሜሪካ የፋብሪካ ሰዓት መጥቶ የጁራን ሥራ ሲመታ አባላት እንጀራ ፍለጋ ተበተኑ፤ በፈቃድ የሚያገለግሉትም ደከሙ። ፍቅሩ ነበር፤ ጊዜና ገንዘብ አልቀረም። የተራበ ሰው በነፃ እንዲያገለግል የሚጠብቅ ማኅበር ዕድሜ የለውም። ቢያንስ ትራንስፖርቱንና የስልኩን ወጪ መሸፈን ግዴታ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1921 አንድ፣ በ1934 ሌላ የሰዓት ሠሪዎች ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። የመጀመሪያው በፈተናና በምስክር ወረቀት ላይ፣ ሁለተኛው የየአካባቢውን ማኅበራት በማሰባሰብ ላይ አተኩረው ቆዩ። ሆኖም የሚፈልጉት ያንኑ ሰው፣ ያንኑ መዋጮ፣ ያንኑ ምሽት ነበር። በ1960 ተዋሐዱ። በአንድ የድንበር ከተማ ሁለት የነጋዴ ማኅበር ያላችሁ ወገኖች ይህን ሳትጠሉ አንብቡልኝ።

ውሕደቱ የመጣው በጊዜው ነው። በ1969 መጨረሻ የጃፓኑ ሴይኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጣ። በ1970 አካባቢ 90,000 ገደማ የነበሩት የስዊስ ሰዓት ኢንዱስትሪ ሠራተኞች በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ወረዱ። የእንግሊዙ ተቋም በ1972 ከለንደን ወጥቶ በኖቲንግሃምሺር ገጠር ወደሚገኘው አፕተን ሆል ገባ፤ ትምህርቱን፣ ፈተናውንና መጽሔቱን ግን ይዞ ሄደ። ሙያው ሲጠብ የቀሩት ሰዎች የተያያዙት በእነዚህ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ ከእድርና ከእቁብ ጋር ሲተያይ እንግዳ አይደለም። እድርን ማን ያስገድደዋል? በመዋጮ የዘገየ፣ ለቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ግን ትንሽ ነው። ሰው የሚመጣው «ቀባሪ አታሳጣኝ» ብሎ ስለሚጸልይና ድንኳኑ ሲተከል፣ ወንበሩ ሲደረደር በዓይኑ ስለሚያይ ነው። እቁብም እንዲሁ፤ ዕጣው ለሁሉም እንደሚደርስ ሁሉም ያውቃል። ቅጣት የሚከበረው ጥቅሙ በሚታይበት ቦታ ብቻ ነው። የለንደኑ ማኅበር ፍተሻው የሞተው አባሉ ጥቅሙን ማየት ሲያቆም ነበር።

ስለዚህ ከሰዓት ሠሪዎቹ ለእኛ የሚተርፈውን በአጭሩ ልበል።

ኃላፊነት ተራና ማብቂያ ይኑረው። «እስከ ዕለተ ሞቴ» የሚመራ ሰው ካለ ወጣቱ መሰላሉን አያይም። ከእያንዳንዱ ኃላፊ ጎን የሚቀጥለው ሰው ይቀመጥ።

ሥራው ይከፋፈል። የሂሳብ ሰው ሂሳቡን፣ የጉምሩክ ቋንቋ የሚችል ደብዳቤውን፣ ሶማሊኛ ወይም ስዋሂሊ የሚናገር ከወዲያኛው ወገን ጋር ያለውን ግንኙነት ይያዝ። አንድ ሰው ላይ አይቆለል።

ማኅበሩ በሰላሙም ጊዜ ሥራ ይኑረው። የለንደኖቹ ቤተ መጻሕፍት እንደነበራቸው ለእኛ የየሳምንቱ የምንዛሪና የቀረጥ መረጃ፣ የተመለሱ ዕቃዎችና የተመለሱበት ምክንያት መዝገብ ይሆናል። ይህን መዝገብ ይዞ ባለሥልጣን ፊት የሚቀርብ ማኅበር ከሚለምን ማኅበር ይለያል።

በሩ አይዘጋ። ዘንቢል ተሸክማ ድንበር የምትሻገር እናት፣ ገና አንድ ጊዜ የተመላለሰ ወጣት፣ ከማዶ ያለ ነጋዴ ዛሬ መዋጮ ባይከፍሉም ግራሃም ሃሪሰንን እንዳየ ይታዩ። ምናልባት ነገ ማኅበሩን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

ቀጣዩ ስብሰባችሁ ላይ ሊቀ መንበሩ «ለምን አትመጡም?» ብሎ ከመቆጣቱ በፊት አንድ ሌላ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ባለፉት ስድስት ወራት ማኅበሩ ለእያንዳንዳችሁ ምን ሠራ፣ ለእያንዳንዳችሁስ ምን ሥራ ሰጠ?» መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ አባል የጠፋበት ምክንያት ያ ነው። ሥራ ይሰጣቸው።